የመንጃ አስተማሪዋና የዓርብ ነፋስ

ሶአዚግ ኬርማሬክ የፈረንሳይዋን የወደብ ከተማ የዱዋርኔኔን ግማሽ ሕዝብ መኪና መንዳት ያስተማረች ሴት ናት። የቀረው ግማሽ አንድ ቀን ከጎኗ ተቀምጦ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ፣ ዛሬም በእግሩ የሚሄደው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በተማሪ ቀኝ ተቀምጣ፣ በእግሯ ሥር ያለውን የራሷን ፍሬን እየረገጠች፣ «ከተጠራጠርክ አትግባ!» ስትል ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ መኪናውን አስረከበች፤ ፍሬኑን ግን ይዛው ሄደች።

ብዙም ሳትቆይ ዘጠኝ ሜትር የማትሞላ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛች። የጀልባዋ ስም ጉዌላን ነው። ብቻዋን ሆና አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጥታ እስከ አዞር ደሴቶች እንደምትሄድም ለከተማው አሳወቀች። በዚህ ዕድሜሽ ምን ሆነሽ ነው ሲሏት መልሷ አንድ ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲነዳ ሳይ ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ መሪውን እኔ ልያዘው እንጂ፤ ያውም ከጎኔ የሚጮህብኝ በሌለበት።»

ግሩም መልስ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ግሩም መልስ እየሰጠች ከወደቡ አልወጣችም።

ዱዋርኔኔ ካለችበት ከብሪታኒ ጠረፍ ወደ አዞር ለብቻው የሚጓዝ ሰው ከሰማይ የሚለምነው ነገር ብዙ አይደለም። ዝናብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይዞ የሚመጣው ደመና ይለፍ፣ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይንፈስ፣ ከጀርባ እየገፋም ሦስት አራት ቀን ይቆይ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀልባዋ የቢስኬን ባሕረ ሰላጤ አፍ አልፋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ተከታዩ ማዕበል ቢመጣም ከኋላዋ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቀን እተነብያለሁ የሚል ኮምፒውተር ጠንቋይ ነው፤ ልዩነቱ ጠንቋይ ዶሮ መቀበሉ ነው።

ሶአዚግ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ብታውቅም የምትፈልገው ከዱዋርኔኔ አዞር እስካለው ኦርታ ወደብ ድረስ የተዘረጋ አረንጓዴ መብራት ነበር። በየጧቱ ሁለት የነፋስ ካርታ ትከፍታለች፤ አንዱ የአሜሪካኖቹ ኮምፒውተር የሚያወጣው፣ ሌላው የአውሮፓዎቹ። ሁለቱ ከተስማሙ ትሄዳለች። ሁለቱ አይስማሙም። አንዱ በስድስተኛው ቀን ጸጥታ ይላል፤ ሌላው በስድስተኛው ቀን ወጀብ። ሶአዚግም ሁለቱንም ዘግታ ገመዷን አጥብቃ ታስራለች።

«አሜሪካና አውሮፓ እስኪስማሙ ነው የምትጠብቂው?» አላት አንድ ቀን ሽማግሌው ቱዲ። «እንግዲያው መቃብርሽን አስቀድመሽ አስቆፍሪ።»

ቱዲ ዕድሜውን ቱና ሲያሳድድ የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነው። አሁን ጀልባዎቹ የሚታሰሩበትን ተንሳፋፊ የእንጨት መረማመጃ ሲጠብቅ ይውላል፤ ጠብቅ ያለው ግን የለም። የአየር ጠባይ የሚለካው በግራ ጉልበቱ ነው። ከእሱ ጋር ኤሌክትሪሺያኑ ሎይዝ አለ፤ ሦስት ስልክ ይይዛል፣ ሦስቱም የተለያየ ነፋስ ይነግሩታል። ፋንሽም አለ፤ የሶአዚግ እኅት የካቴል ባል። እነዚህ ሦስቱ በየጧቱ መረማመጃው ጫፍ ላይ ተሰብስበው ያንን የተከበረ አካል ይመሠርታሉ፦ የመረማመጃው ማዕከላዊ ኮሚቴ።

ኮሚቴው ስብሰባውን በጉልበት ሪፖርት ይከፍታል። ሪፖርቱ ይደመጣል፣ ይተቻል፣ ይሻሻላል። ከዚያ የአቋም መግለጫ ይወጣል። መግለጫው ጉዞን በመርህ ደረጃ ሙሉ በሙሉ ይደግፋል፤ ከነገወዲያ በፊት ግን አይመክርም። ይህ ኮሚቴ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ጀልባ ከወደብ አስወጥቶ አያውቅም። የወጡት ሁሉ የወጡት ኮሚቴው ምሳ ሲበላ ነው።

አምና ያደረጉት ግን ለታሪክ ይቀመጥ። ሶአዚግ «ነገ ጧት ነኝ» አለች። መረማመጃው ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ ሳርዲን ተጠበሰ፣ ቅቤ የሚንጠባጠበው ኩዊን አማን ኬክ ተቆረሰ፣ ሲድር የሚሉት የፖም መጠጥ ተቀዳ። ንግግር ተደረገ። ካቴል አለቀሰች፣ ቱዲ አፍንጫውን ጠረገ፣ ፋንሽ ከሁሉ አብልጦ በላ። ሌሊቱን አንደኛው ካርታ ሐሳቡን ቀየረ። ሶአዚግ ጀልባዋ ውስጥ ተደብቃ ለጉዞ ያዘጋጀችውን ምግብ ስትበላ ሰነበተች፤ የቆርቆሮ ምግቡ ሲያልቅ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

«ውይ ማዳም ኬርማሬክ!» አለቻት ዳቦ ሻጯ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። «ከአዞር መቼ ገቡ?»

ዘንድሮ በፋሲካ ምሳ ላይ፣ የበጉ እግር ተበልቶ አጥንቱ ሲቀር፣ ፋንሽ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዘንድሮስ ለመሰነባበቻው ምን እናዘጋጅ? አምና ሳርዲኑ አንሶ ነበር።»

«ዘንድሮ እሄዳለሁ» አለች ሶአዚግ።

«እኔም ከሰኞ ጀምሮ እከሳለሁ» አለ ፋንሽ ሆዱን እየመታ።

«ከጁላይ አሥራ አራት የብሔራዊ በዓል ርችት በፊት ካልሄድኩ ጀልባዋን ውሰዳት!»

ካቴል «ሶአዚግ፣ ተይ እንጂ» ብላ ክንዷን ያዘች። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ የሰሙትም ብዙ ናቸው። ፋንሽ ባሕር ላይ ሄዶ የሚያውቀው የተነፋ ጎማ ላይ ተኝቶ ነው። በማግሥቱ ሜትር ይዞ ጉዌላን ላይ ወጣና የሶአዚግን መኝታ ለካ። ሊገዛ ያሰበው ማቀዝቀዣ በትክክል ይገባል፤ አልጋው ብቻ ይነሳ። ሞተሩ በትልቅ ይተካ፣ ሸራው ይቅር፣ ስሟም ይለወጥ።

«ማን ልትላት ነው?» አለችው ሶአዚግ ጥርሷን ነክሳ።

«ጥሩ እረፍት።»

እሷን የገደላት ይህ ነው። ሞተሩንስ ትችለው ነበር።

ጁን ሙሉ ዘነበ። ደመናዎቹ ከአትላንቲክ ተሰልፈው፣ ተራ ጠብቀው፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እየገባ ዱዋርኔኔን አጠቡት። ፋንሽ በዝናብ ኮቱ ውስጥ እያፏጨ መረማመጃው ላይ ይመላለሳል፤ ማቀዝቀዣውንም ከወዲሁ ገዝቶ ቤቱ ኮሪደር ላይ አቁሞታል። ካቴል ወደ መታጠቢያ ቤት በሄደች ቁጥር ክርኗን ይገጫታል።

የጁላይ የመጀመሪያው ረቡዕ ጧት ሶአዚግ ሁለቱን ካርታ ከፈተች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አየች። የመጨረሻው ደመና ሐሙስ ቀትር ላይ ያልፋል፣ ነፋሱ ሌሊት ይዞራል፣ ዓርብ ንጋት ላይ ሰሜን ምሥራቅ ይሆናል፣ እስከ ማክሰኞም ይቆያል። አሜሪካም እንዲህ ትላለች። አውሮፓም እንዲህ ትላለች። ከስድስተኛው ቀን በኋላ እንደ ልማዳቸው ይጣላሉ፤ ቢሆንም ለመነሻው ተስማምተዋል።

ሮጣ ወደ ኮሚቴው መጣች። ሎይዝ ሦስቱንም ስልኮች አየ፤ ሦስቱም አንድ ቃል ሆኑ። የቱዲ ጉልበት ሳይቀር ድጋፉን ሰጠ። ከዚያ ቱዲ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«ዓርብ ነው» አለ።

በዚያ ወደብ መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ በዓርብ ቀን ጉዞ የሚጀምር የለም። ሎይዝ በኤሌክትሪክ ሕግ እንጂ በሌላ ነገር አላምንም የሚል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው አምፖል ሊቀይር ብቻ የሆነ ሰው ነው። እሱም እንኳ ስልኮቹን ኪሱ ከተተና፦

«አይ፣ ዓርብስ አይሆንም» አለ።

«ቅዳሜ ብትሄጂ ምን ይልሻል?» አለ ፋንሽ እጅግ በተጨነቀ ድምፅ።

«ቅዳሜ ከወጣሁ ከነፋሱ አንድ ቀን ጎደለብኝ» አለች ሶአዚግ። «ማክሰኞ ሲሞት ባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ቀጣዩ ማዕበል እዚያው መጥቶ ይበላኛል። ወይ ዓርብ ነው፣ ወይ የለም።»

«እንግዲያው የለም» አለ ፋንሽ፣ ሐዘኑን መሸፈን እንደተሳነው ሰው እጁን እያፋተገ።

ሶአዚግ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሎይዝ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ይህ ሰው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ዓመት የፈጀ ነው፤ ለፈተና አላቀርብህም እያለች ደጋግማ የመለሰችው ራሷ ሶአዚግ ናት።

«ማዳም ኬርማሬክ፣ እኔን ለምን እንደጣሉኝ ያስታውሳሉ?»

«መስተዋት አታይም ነበር።»

«እሱስ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ነው የምልዎት። የፑልዳቪድ አደባባይ ላይ ቆሜ፣ መኪና ሁሉ እስኪያልፍ ስጠብቅ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባ ነፋብኝ። እርስዎ ምን አሉኝ? ‹አንተ ልጅ፣ መንገዱ መቼም ባዶ አይሆንም፤ የሚበቃህ ቦታ ካየህ ግባ፤ ያለ ምክንያት መቆም ራሱ ጥፋት ነው።› ብለው ጣሉኝ።»

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

«ያውም እየጮሁ።»

ቱዲ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮሚቴው አቋሙን ሊያሻሽል ነው ማለት ነው።

«ስሚኝ» አላት። «ዓርብ መነሳት ነው ክልክሉ። ዓርብ ባሕር ላይ መሆን ማን ከለከለ? የኔ አባት ያደርገው የነበረውን አድርጊ። ሐሙስ ማታ ገመድሽን ፍቺ፣ ባሕረ ሰላጤያችንን ተሻግረሽ ሞርጋት መንደር ፊት ለፊት መልሕቅ ጣዪ፣ ብዪ፣ ተኚ። የብስ አትርገጪ፣ አደራ! ዓርብ ጧት መልሕቅሽን ስታነሺ የጀመርሽውን ነው የምትቀጥይው። ጉዞሽ የሐሙስ ነው።»

ባሕሩ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ነው። መርከብ ይሰብራል፣ ገደል ይንዳል፤ ሲታለል ግን እንደ ቀበሌ ጸሐፊ የመነሻውን ቀን ብቻ አይቶ ማኅተሙን ይመታል። በጣም የሚያምር እምነት ነው። ሶአዚግም ከባልዲው ላይ ተነሳች።

ሐሙስ ማታ የመሰነባበቻ ግብዣ አልነበረም፤ ከተማው አንዴ ተበልቷል። አምስት ስድስት ሰው ብቻ ቆሟል። ፋንሽ ግን ቅርጫት አንጠልጥሎ መጣ፤ ዳቦ፣ ሰናፍጭ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ የተፈጨ ሥጋ የሞላበት የብርጭቆ ማሰሮ።

«የዳክዬ ፓቴ ነው» አላት። «ለመጀመሪያው ቀን። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

ሶአዚግ ልቧ ተነካ። ሰውየውን ለካስ በከንቱ ስታማው ኖራለች። ጉንጩን ሳመችው፣ ካቴልን ሳመች፣ ገመዷን ፈታች። ጉዌላን ከመረማመጃው አንድ ሜትር ራቀችና ነፋሱ ውሃው ላይ እንደሚያመነታ ሁሉ ቆም አለች። የሶአዚግ ቀኝ እግር የሌለ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይዳብስ ጀመር።

ያኔ ሎይዝ በጉም ጊዜ የሚነፋውን የጀልባ ጡሩንባ አነሳና ነፋው። ረጅም፣ ባለጌ፣ የታክሲ ሹፌር ጡሩንባ።

«ይግቡ እንጂ ማዳም! መንገድ ዘጉብን እኮ!»

ከአጠገቡ ያለው ጀልባ ቀጠለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ወደቡ ሁሉ። ከነዚያ ጡሩንባ ነፊዎች ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቿ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙትን ነው የነፉባት። ሶአዚግ እየሳቀችም እየተሳደበችም ወጣች።

ዓርብ ሲነጋ ነፋሱ እንደተባለው ዞሮ አደረ። ሞርጋት ፊት ለፊት ውሃው ሐር መስሏል፣ ሰማዩ ታጥቧል፣ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ አየር ይመጣል። ሶአዚግ ዳቦዋን ቆርሳ፣ ማሰሮውን አውጥታ ልትከፍተው ስትል ስልኳ ጮኸ። ካቴል ናት፤ ታለቃቅሳለች ወይም ትስቃለች፣ አይለይም።

«ሶአዚግ፣ ማሰሮውን ከፈትሽው?»

«ልከፍት ነው። ምነው?»

«ዳክዬ አይደለም። እንቁላል መቀቀል የማይችል ሰው እንዴት ፓቴ ይሠራል ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን ቆሻሻ ልደፋ ስል ቆዳውን አገኘሁት። ሶአዚግ፣ ጆሮ አለው። ረጅም ጆሮ።»

«ካቴል! ስሙን እንዳትጠሪው፣ ስልኩ ጀልባ ላይ ነው!»

«አልጠራሁትም!»

በዚያ አገር ጀልባ ላይ ጥንቸል አይጫንም፤ ስሙም አይነሳም። በጥንት ዘመን የመርከብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ገመድ በልቶ ሰው አሰጠመ ይሉታል። ወንጀሉ ከተፈጸመ ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ምሕረት ግን አልወጣለትም። ፋንሽም ይህን ያውቃል። አንድ ሰው ለማቀዝቀዣ ሲል ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ነው።

ሶአዚግ ቱዲ ዘንድ ደወለች።

«ቱዲ፣ ረጅም ጆሮው እኔ ጀልባ ላይ ነው።»

«በሕይወት?»

«በፓቴ።»

«እግዜር ይሁንሽ» አለ ቱዲ። «ያ ፋንሽ ነው? ጉልበቴ ትናንት ከእሱ ጎን ስቆም ነግሮኝ ነበር።»

«ውሃ ውስጥ ልወርውረው?»

«እንዳትሞክሪው! ባሕሩ ማን እንዳመጣለት ያያል።»

«እንግዲያው ሞርጋት ወርጄ ዳርቻው ላይ ላስቀምጠው።»

«የብስ ረግጠሽ? የብስ ከረገጥሽ እኮ ጉዞሽ አለቀ። ከዚያ ስትነሺ አዲስ ጉዞ ነው፤ ያውም ዓርብ!»

«ታዲያ ይዤው ልሂድ?»

«ይዘሽውማ አትሄጂም!»

«ቱዲ፣ አትወርውሪ፣ አታውርጂ፣ አትያዢ ነው የምትለኝ። ምን ላድርግ?»

«ቆይ፣ ሎይዝ አሁን ይመጣል። ስብሰባ እንቀመጥና...»

ሶአዚግ ስልኩን ዘጋችው። ኮሚቴው ስብሰባ ሊቀመጥ ነው። ነፋሱ ደግሞ ሸራዋ ተጠቅልሎ በተኛበት ጨርቁን ጫፍ ጫፉን ይነካካዋል። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነፋስ በጆሮዋ በኩል ወደ አዞር ያልፋል፤ እሷ አንድ ማሰሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀና ስትል ራሷን አየችው፦ ፑልዳቪድ አደባባይ፣ ሞተሩ የጠፋ መኪና፣ ከኋላ ጡሩንባ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተማሪ ራሷ ብትሆን ለፈተና አታቀርበውም።

«የሚበቃሽ ቦታ ካየሽ ግቢ፣ አንቺ ደደብ» አለች ድምፅ አውጥታ።

ማሰሮውን ከፈተች። ዳቦውን በወፍራሙ ቆርሳ፣ ሰናፍጭ ቀብታ፣ ፓቴውን እስከ ማሰሮው ቂጥ ድረስ ጠርጋ በላችው። መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ በሦስተኛው ጉርሻ ከፈተችው፤ ጥሩ ነው። ሲያልቅ ማሰሮውን አጥባ በፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ለባሕሩ በሚገባ ቋንቋ መግለጫ ሰጠች።

«ጀልባዋ ላይ የለም። ሆዴ ውስጥ ነው። ጠብ ካለህ ከእኔ ጋር ይሁን።»

መልሕቁን አነሳች፤ የፍየል ራስ የሚሉትን ገደል በቀኟ ትታ ወጣች። ቀትር ላይ ምድር ከኋላዋ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆነ፤ ማታ መስመሩም የለም። ነፋሱ ቃሉን ጠበቀ፤ እስከ ማክሰኞ ገፋት። ከስድስተኛው ቀን በኋላ አሜሪካ ጸጥታ፣ አውሮፓ ወጀብ ብለው ነበር፤ የመጣው ጉምና ዓሣ ነባሪ ነው። ከዚያ ነፋሱ ጨርሶ ጠፋ። ሶአዚግም ባሕሩ መካከል እንደ ቆመ አውቶቡስ ቆማ ካልሲዋን አጠበች፣ ድንች ቀቀለች፣ የምታውቀውን ዘፈን ሁሉ ዘፈነች፤ ከጎኗ አፍሽን ዝጊ የሚላት ሰው አልነበረም። የጁላይ አሥራ አራት ምሽት ርችት ዱዋርኔኔ ላይ ሲፈነዳ እሷ ገና ውሃው ላይ ነበረች። ውርርዱ ግን ስለ መነሻው ነው፤ መነሻዋ ደግሞ ሐሙስ ነው፤ ምስክሮቹም ጡሩንባ የነፉት ናቸው።

ኦርታ ወደብ የገባችው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ፀጉሯ በጨው ደርቆ። ገመዷን እንዳሰረች መጀመሪያ የደወለችው ፋንሽ ዘንድ ነው። ስልኩን ሲያነሳ አፉ ሙሉ ነበር።

«ፋንሽ? ሶአዚግ ነኝ። አዞር ገብቻለሁ።»

ሰውየው መዋጥ አቃተው።

«ፓቴው ጥሩ ነው» አለችው። «ቁንዶ በርበሬ ብቻ ያንሰዋል። ማሰሮውን ይዤልህ እመጣለሁ፤ ለመመለሻዬ ሌላ ሥራልኝ።»

ማቀዝቀዣው እስከ ዛሬ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሟል። ካቴል ሲድር ታስቀምጥበታለች። ኮሚቴው በየጧቱ፣ የጉልበት ሪፖርቱን ሰምቶ ሲጨርስ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ አንድ አንድ ይጠጣል፤ የሶአዚግን ጉዞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሙሉ ድምፅ ደግፎት እንደነበርም ለሚያልፍ ሁሉ ያስረዳል።